የዓይን የዕይታ ክልልና ምርመራው
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



የዓይን ምርመራ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው በግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የፊደል ሰሌዳ ነው። የመጨረሻውን ረድፍ ያነበበ ሰው ዓይኑ ጤነኛ መሆኑን አምኖ ወደ ሥራው ይመለሳል። ነገር ግን ሰሌዳው የሚመዝነው ዓይን በቀጥታ ያነጣጠረበትን ጥቂት ስፍራ ብቻ ነው። ዓይናችንን በአንድ ነገር ላይ ተክለን ሳለን በዙሪያው ያለውንም ሁሉ በአንድነት እናያለን፤ ይህም የዕይታ ክልል ይባላል። የጤነኛ ሰው አንድ ዓይን ወደ ጆሮ በኩል እስከ 100 ዲግሪ፣ ወደ አፍንጫና ወደ ላይ እስከ 60 ዲግሪ፣ ወደ ታች እስከ 75 ዲግሪ ገደማ ያያል። ደብዳቤ የሚያነብ ጸሐፊ በጐኑ የቆመውን ባለጉዳይ፣ መንገድ የሚሻገርም ሰው ከዳር የሚመጣውን መኪና የሚያስተውለው በዚሁ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ክልል ከፊሉ ቢጠፋ ባለቤቱ ያውቃልን? ብዙ ጊዜ አያውቅም። ለዚህም ማንም ሊያደርገው የሚችል ቀላል ማስረጃ አለ። በነጭ ወረቀት ላይ አንድ የመስቀል ምልክት፣ ከእርሱም በስተቀኝ 8 ሳንቲ ሜትር ርቆ አንድ ጥቁር ነጥብ ይደረግ። የግራ ዓይንን ሸፍኖ በቀኝ ዓይን መስቀሉን ብቻ እየተመለከቱ ወረቀቱን ከሩቅ ቀስ በቀስ ማቅረብ ነው። ወረቀቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲቀርብ ነጥቡ ድንገት ይሰወራል። የማየት ነርቭ ከዓይን በሚወጣበት ስፍራ ብርሃን የሚቀበል ሕዋስ የለምና። ይህን ዕውር ነጥብ ፈረንሳዊው ሊቅ ኤድም ማርዮት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1660ዎቹ ዓመታት ገልጾታል። ልብ በሉ፤ ነጥቡ በጠፋበት ስፍራ ጥቁር ቀዳዳ አይታይም፤ አንጐል ባዶውን በወረቀቱ ንጣት ይሞላዋል። ሁለቱም ዓይኖች ሲገለጡ ደግሞ የአንዱን ጉድለት ሌላው ይሸፍነዋል።

ግላኮማ የሚባለው በሽታ የሚያደባው በዚሁ መጋረጃ ተከልሎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ሳያሰማ የማየት ነርቭን በዝግታ ይጐዳል፤ መካከለኛውን ዕይታ ግን ብዙ ጊዜ እስከ ፍጻሜው ይተወዋል። ስለዚህ ታማሚው ፊደሉን እያነበበ ዳርቻውን ይከስራል። የጠፋውም አይመለስም፤ ሕክምና የሚጠብቀው የቀረውን ብቻ ነው።

የዕይታ ክልል የሚመረመረው አንዱ ዓይን ተሸፍኖ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ነው። በቀላሉ ዘዴ ሐኪሙ ከታካሚው ፊት ለፊት አንድ ሜትር ገደማ ርቆ ይቀመጥና ጣቶቹን ከዳር ወደ መካከል እያመጣ የታካሚውን ዕይታ ከራሱ ጋር ያመዛዝናል። ይህ ግን ትልቁን ጉድለት እንጂ ትንሹን አይገልጥም። ለትክክለኛው ልኬት ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ሃንስ ጎልድማን በ1945 ጐድጓዳ ነጭ ሳሕን የመሰለ መሣሪያ አዘጋጀ። ዛሬ ይህን መሰሉ መሣሪያ በኮምፒዩተር ይመራል። ታካሚው አገጩን አስደግፎ መካከለኛውን ምልክት ብቻ ይመለከታል፤ በዙሪያው ትንሽ ብርሃን ብልጭ ባለች ቍጥር ቍልፍ ይጫናል።

ውጤቱን መተርጐም ደግሞ የጉድለቱን ቅርጽ ማንበብ ነው። በአንድ ዓይን ብቻ የታየ ጉድለት በአብዛኛው የዚያን ዓይን ወይም የነርቩን ጉዳት ያመለክታል። ከዕውር ነጥቡ ተነሥቶ እንደ ቀስት የታጠፈ ከሆነ ግላኮማ ይጠረጠራል። በሁለቱም ዓይኖች በየጆሮው በኩል ያለው ግማሽ ከጠፋ፣ ሁለቱ ነርቮች በሚገናኙበት ስፍራ የሚጫን እብጠት እንዳለ ይመረመራል። በሁለቱም ዓይኖች ያው ቀኝ ወይም ያው ግራ ከጠፋ ግን ነገሩ የዓይን ሳይሆን በተቃራኒው በኩል ያለው የአንጐል ክፍል ነው።

ሆኖም አንድ ወረቀት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ድካም፣ የወረደ የዓይን ሽፋን፣ የመነጽር ጠርዝ፣ ብርሃን ሳይታይ ቍልፍ መጫን ሐሰተኛ ጉድለት ያሳያሉ። የመጀመሪያው ፈተና ባለመልመድ ምክንያት ብዙ ጊዜ ስለሚበላሽ ምርመራው ይደገማል፤ ከነርቩ መልክና ከዓይን ግፊት ጋርም ይነጻጸራል። ግፊቱ ደኅና ሆኖ ሳለ ግላኮማ ሊኖር ይችላልና በግፊት ልኬት ብቻ መዘናጋት አይገባም።

ስለዚህ ዕድሜው ከ40 ዓመት ያለፈ፣ ይልቁንም ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ በግላኮማ የታመመበት ሰው ምንም ሳይሰማው ይመርመር። ጠብታ የታዘዘለትም ለውጥ አላየሁም ብሎ አያቋርጥ፤ የመድኃኒቱ ጥቅም የቀረው ዕይታ ባለበት መቆየቱ ነውና። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ የዓይን ዳርቻ የሚጠበቀው ሳይጠፋ ነው።