የብርድ ዘብ

በወይና ደጋ ጤና ጣቢያ የማገለግል የጤና መኮንን እንደ መሆኔ፣ ዘመነ ጽጌ በገባ ጊዜ የሚያንቀጠቅጠውና ራሱን የሚፈልጠው ሕመምተኛ ከፊቴ ሲቀመጥ አስቀድሜ የምጠይቀው «በቅርቡ ቆላ ወርደው አድረዋል?» ብዬ ነው። ይህ ጥያቄ ከመምህራኖቼ ብቻ ሳይሆን ከአበውም የተወረሰ ነው፤ የደጋ ሰው ለገበያ ቆላ ቢወርድ እንኳ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሽቅብ ለመመለስ የሚጣደፈው፣ ንዳድ የሚይዘው በዚያ ያደረውን እንደ ሆነ ከልምድ ያውቅ ስለ ነበር ነው።

«የኔታ፣ ቆላ ወርደው ነበር?» ያልኋቸው አንድ መሪጌታ ግን «ልጄ፣ ከደብሬ ወዴት እሄዳለሁ?» ሲሉ መለሱልኝ። ከጣታቸው የተወሰደው ደም በመስተዋት ላይ ተቀብቶ፣ በጊምሳ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር፣ ቀለበት የመሰለው የወባ ተውሳክ በደማቸው ውስጥ ተገኘ።

ፋልሲፓረም የተባለው ብርቱ ዓይነት ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለመብሰል ሙቀት ይሻል፤ ከ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እድገቱ ይገታል፣ በ20 ዲግሪ ገደማም ከ3 ሳምንት በላይ ስለሚፈጅበት አብዛኞቹ ትንኞች ሳያደርሱት ይሞታሉ። እንግዲህ የደጋው ዘብ ሐኪም ሳይሆን ብርድ ኖሯል፤ ካባ ለማስወለቅ እንኳ የማይበቃ የ1 ዲግሪ ለውጥም ይህን ዘብ ሊያስለቅቀው ይችላል። አሚር ሲራጅና ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ፣ ሞቃት በሆኑት ዓመታት ወባ ከፍ ወዳለ ቦታ እንደሚወጣ አሳይተዋል።

ሁሉን በአየር ንብረት ማሳበብ ግን የሰነፍ ባለሙያ ልማድ ነው፤ ከሑመራና ከመተማ የሰሊጥ አጨዳ የሚመለሰው ጎልማሳም ተውሳኩን በደሙ ይዞ ይመጣል፣ የመስኖ ውኃም ትንኝ ያራባል። ይሁን እንጂ የመጣው ተውሳክ በደጋ የሚሰነብተው ሌሊቱ ሲሞቅለት ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የደገኛው ሰውነት ነው። የቆላ ሰው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ደጋግሞ በመታመም ጥቂት መቋቋሚያ ያፈራል፤ ደገኛው ግን ይህ ስለሌለው ጎልማሳውም እንደ ሕፃኑ ይወድቃል። በ1958 እ.ኤ.አ. ከወትሮው የበለጠ ዝናብና ሙቀት በነበረበት ዓመት፣ በደጋማው አገራችን ወረርሽኙ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንዳሳመመና 150,000 ያህል እንደ ገደለ ይገመታል።

አጎበር ሲታደል ለረጅም ዘመን መለኪያው የ2,000 ሜትር ከፍታ ነበረ፤ ከዚያ በላይ ያለው ቀበሌ ከወባ ነጻ ተብሎ ይታለፍ ነበር። እኔስ ከመስመሩ በላይ ላሉትም ይታደል ባይ ነኝ፤ ነገር ግን የጽጌን ማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ለሚያድር ካህን አጎበር ምን እንደሚፈይድለት ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን ጋር ስንከራከር፣ እስካሁን አንድ ስምምነት ላይ አልደረስንም።