የአሜሪካ የጤና መድን ክርክር

የአሜሪካ የጤና መድን ክርክር «የዜጎችን የሕክምና ወጪ ማን ይክፈል? መንግሥትስ እስከ ምን ድረስ ይግባበት?» በሚሉ ጥያቄዎች ላይ በዲሞክራቶችና በሪፐብሊካኖች መካከል ለረጅም ጊዜ የቆየ የፖለቲካ ክርክር ነው። ክርክሩ ገንቢ ተቃውሞ፣ ማለትም አማራጭ ይዞ የሚቀርብ ተቃውሞ፣ በሕግ ላይ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ ያሳያል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የ1965 ሕግ

ከ1965 በፊት ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑት አሜሪካውያን ግማሽ ያህሉ የሆስፒታል መድን አልነበራቸውም። ብዙ ሰው መድን የሚያገኘው በአሠሪው በኩል ስለነበር ጡረታ ሲወጣ ይቀርበት ነበር። ፕሬዝዳንት ሊንደን ጆንሰን የደገፉት ረቂቅ የአዛውንትን የሆስፒታል ወጪ ከደመወዝ በሚቆረጥ ግብር የሚሸፍን ሲሆን የሐኪም ክፍያን ግን አላካተተም።

በተወካዮች ምክር ቤት የግብር ኮሚቴ የሪፐብሊካኖች መሪ የነበሩት ጆን ባይርንስ ይህን ረቂቅ ተቃውመው የራሳቸውን አቀረቡ። የእርሳቸው መድን በፈቃደኝነት የሚገባበት፣ የሐኪም ክፍያን የሚጨምር፣ ከአባላት መዋጮና ከመንግሥት ካዝና የሚከፈል ነበር። የኮሚቴው ሊቀመንበር፣ ዲሞክራቱ ዊልበር ሚልስ፣ አንዱን ጥለው ሌላውን ከመምረጥ ይልቅ ሐሳቦቹን አዋሐዱ። ሕጉም ሦስት ነገሮችን ያዘ፦

- ሜዲኬር ክፍል ኤ፦ ለአዛውንት የሆስፒታል መድን (የመንግሥት ረቂቅ)
- ሜዲኬር ክፍል ቢ፦ የሐኪም ክፍያ መድን (ከባይርንስ ሐሳብ የተወሰደ)፤ የመጀመሪያው መዋጮ በወር 3 ዶላር ነበር
- ሜዲኬይድ፦ ፌዴራል መንግሥትና ክፍላተ ሀገር በጋራ የሚከፍሉት የድሆች መድን

በመጨረሻው ድምፅ በተወካዮች ምክር ቤት 70፣ በሴኔት 13 ሪፐብሊካኖች ደገፉት። ጆንሰን ጁላይ 30 ቀን 1965 ፈረሙበት።

የ2010 ሕግ

በ2010 የወጣው ሕግ፣ በተለምዶ «ኦባማኬር» የሚባለው፣ የመድን ድርጅቶች ቀድሞ የታመመን ሰው እንዳይከለክሉ አደረገ። ጤነኞችም እንዲገቡ መድን የሌለው ሰው ቅጣት እንዲከፍል ደነገገ። ሪፐብሊካኖች ሕጉ ዋጋው ከባድ ነው፣ መንግሥትም ሰውን መድን እንዲገዛ ማስገደድ የለበትም አሉ። ሆኖም ተመሳሳይ ግዴታን በ2006 በማሳቹሴትስ የፈረሙት ሪፐብሊካኑ አገረ ገዥ ሚት ሮምኒ ነበሩ።

ማርች 21 ቀን 2010 ሕጉ በተወካዮች ምክር ቤት 219 ለ212 አለፈ፤ አንድም ሪፐብሊካን አልደገፈውም። በዚያው ዓመት ኖቬምበር በተደረገው ምርጫ ሪፐብሊካኖች 63 ተጨማሪ መቀመጫ አግኝተው ምክር ቤቱን ያዙ።

የ2017 ሙከራ

በ2017 ሪፐብሊካኖች ፕሬዝዳንቱንም ሁለቱንም ምክር ቤቶች ይዘው ሳለ ሕጉን ለመሻር ሞከሩ። ነገር ግን በምን እንደሚተኩት እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። ጁላይ 28 ሴኔቱ የመጨረሻውን ረቂቅ 49 ለ51 ጣለው፤ ከሪፐብሊካኖች ጆን ማኬይን፣ ሱዛን ኮሊንስና ሊሳ መርካውስኪ ተቃወሙት። በዓመቱ መጨረሻ ግን ቅጣቱ ከ2019 ጀምሮ ወደ ዜሮ እንዲወርድ ተወሰነ።

የሁለቱ ተቃውሞዎች ንጽጽር

ገንቢ ተቃውሞ ለተቃዋሚው ዋጋ ያስከፍላል። ሜዲኬር ሲነሣ የሚታወሱት ጆንሰን ናቸው፤ ባይርንስን የሚያውቅ ጥቂት ነው። በ2010 ሙሉ በሙሉ የተቃወሙት ግን በቀጣዩ ምርጫ አሸንፈዋል። በሌላ በኩል የባይርንስ ሐሳብ እስከ ዛሬ ድረስ የአዛውንትን የሐኪም ክፍያ ይሸፍናል፤ በ2017 ግን ተቃዋሚዎቹ ሥልጣን ቢይዙም የተስማሙበት ምትክ ስላልነበራቸው ሕጉን መሻር አልቻሉም።