ገጀራ፣ መጋዝ ወይስ መጥረቢያ?

በሊቦ ከምከም ወረዳ፣ በይፋግ አካባቢ፣ የክረምት ንፋስ የገነጠለው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ወድቆ አይቀርም፤ ምድጃ ይጠብቀዋል። በምን ይቆረጥ?

ጣት የሚያክለው ጭራሮ በጉልበት ይሰበራል። እስከ እጅ አንጓ ለሚወፍረው ገጀራን የሚያህል የለም፤ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ሰያፍ ሲመታ ይገባል። ከዚያ ካለፈ ግን ትርፉ ድካም ነው፤ ስለቱ ስስ፣ ክብደቱም ቀላል ስለሆነ እንጨቱ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል።

ክንድና ጭን የሚያክለውን ለማሳጠር መጋዝ ይሻላል። መጥረቢያ አግድም ሲቆርጥ አፉ የሰፋ ቦይ መክፈት ግድ ይሆንበታል፤ ማገዶው ስባሪ ሆኖ ይበተናል። የመጋዝ ጥርሶች ግን አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ዘመም ስላሉ ከምላጩ በትንሹ የሰፋ መንገድ ብቻ ያወጣሉ። መጋዙ ተይዞ አልንቀሳቀስ ካለ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የአደጋገፉ ነው፦ ሁለት ጫፉ የተደገፈ ቅርንጫፍ መሃሉ ሲቆረጥ ይጎብጥና ክፍተቱ ይጠባል። የሚቆረጠው ጫፍ ከድጋፉ ውጭ መዋል አለበት።

መጥረቢያ ክብሩ መፍለጥ ላይ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ ሳይደርቅ ቢፈለጥ ይቀላል፤ ፍልጡም ከድፍኑ ቀድሞ ይደርቃል። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን ውሃውን በማትነን ስለሚጨርስ ቤቱን በጢስ ይሞላል። ጉጥ የበዛበት ወይራ ሽብልቅና መዶሻ ይፈልጋል።

አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው መጥረቢያ ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ከነሞረዱ፣ ዛቢያው አለመላላቱን አይቶ።