ኪችን ከማሠራታችሁ በፊት ክረምቱን ጠይቁ

ስልካችሁ ውስጥ ያጠራቀማችሁትን የኪችን ፎቶ እስቲ አንድ በአንድ እዩት። ነጭ ካቢኔት አለ፣ ግራናይት አለ፣ የሚያምር መብራት አለ። ምጣዱስ? የለም። በርበሬ የሚታመስበት ቦታስ? እሱም የለም። መቱ፣ ጎሬ ወይም ያዩ ላይ ማድ ቤት ልታስቀይሩ የምታስቡ ወዳጆቼ፣ ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት ይህቺን ነገር እንፍታት።

ፎቶው ላይ የምታዩት ዓይነት ኪችን ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1926 ማርጋሬተ ሹተ-ሊሆትስኪ የምትባል ኦስትሪያዊት አርክቴክት ለፍራንክፈርት ከተማ አዳዲስ መኖሪያ ቤቶች አንድ ማድ ቤት ነደፈች። ወርዱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ብቻ። አንዲት ሴት ብቻዋን ቆማ፣ ብዙ ሳትመላለስ ሥራዋን እንድትጨርስ ታስቦ እያንዳንዱ መሳቢያ ተለክቶ የተሠራ ነው። 10,000 ያህሉ ተገጠመ፤ ዛሬ በየአገሩ ያለው ባለ ካቢኔት ኪችን የእሱ ዘር ነው። ግሩም ሥራ ነው! ግን እኛ ዘንድ ሽንኩርት የሚከተፈው ተቀምጦ ነው፣ ቡና የሚቆላው ተቀምጦ ነው፣ ድግስ ሲኖር ደግሞ አራት አምስት ጎረቤት ይገባል። የፍራንክፈርቷን ኪችን እንዳለች አምጥቶ መቱ ላይ መግጠም ባለቤቷን ጓሮ ሄዳ በሦስት ጉልቻ እንድትጋግር መፍረድ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ወረቀት ይዞ ሥራዎቹን ማከፋፈል ነው። ውስጥ የሚሆነው የቱ ነው? ዕቃ ማጠብ፣ ፍሪጅ፣ ሻይና ቁርስ፣ ዕለታዊ ወጥ። ውጭ የሚቀረውስ? እንጀራ፣ በርበሬ፣ ቅቤ ማንጠር፣ የድግስ ድስት። አዲሱ ኪችን አለቀ ተብሎ የጓሮው ማድ ቤት ሲፈርስ ሳይ ያመኛል። ከፈረሰ በኋላ በሁለተኛው ወር ቆርቆሮ ተደግፎ እንደገና ሲቆም ታዩታላችሁ።

አሁን ምጣዱን እንለካው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ገጹ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የተለመደው የካቢኔት ጥልቀትም 60 ነው። ክዳኑ የሚከፈትበት፣ ገመዱ የሚወጣበት ሲጨመር ምጣዱ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከፍታውም አይሆንም፤ ካቢኔት 85 ወይም 90 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው የሚቆመው፣ ሊጥ ለማዞር ግን ክንድ ከምጣዱ በላይ መዋል አለበት። እኔ ብሆን ለምጣዱ ብቻ ዝቅ ያለ፣ ጥልቀቱ 75 የሚደርስ የኮንክሪት መደብ አስገነባለሁ። ባለሙያው «እንደዚህ አንሠራም» ካለ ሚስቱ የት እንደምትጋግር ጠይቁት።

ኤሌክትሪኩ ደግሞ ከዚህ የባሰ ጉዳይ ነው። አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል። በ220 ቮልት ስታካፍሉት 16 አምፒር ይመጣል፤ ይህ የተለመደው ሶኬት የመጨረሻ አቅሙ ነው። የሚጠቁረውና የሚቀልጠው ለዚህ ነው። ለምጣዱ ከብሬከሩ በቀጥታ የሚመጣ ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ የራሱ ጠንካራ ሶኬት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት መግባት አለበት።

አንድ አስገራሚ ሒሳብ ልንገራችሁ። ከመቱ ብዙም ሳይርቅ ሶር ወንዝ ላይ ያለው የኃይል ማመንጫ 5 ሜጋ ዋት ነው። ለ3,500 ዋት ስታካፍሉት 1,400 ምጣድ ብቻ! አንድ ትልቅ ሰፈር ለበዓል ዋዜማ ቢጋግር በቂ ነው ጣቢያውን ለማንበርከክ። ዛሬ አገሩ ከዋናው መስመር ጋር ቢያያዝም መብራት መሄዱ አልቀረም፤ ሊጡ ደግሞ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም።

ለዚህ ነው ውጭ «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ ይኑር የምለው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሠራ የአገር ልጅ ፈጠራ ነው፤ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይጣላል፣ አራት ቁራጭ ገጥሞ ምጣዱን ዙሪያውን ይከብባል፣ ከኋላው በሚወጣው ሙቀት ድስት ይጣዳል። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ ማገዶ ይቆጥባል። ጭሱን ግን ጨርሶ አያጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ይገምታል። ስለዚህ የጓሮውን ማድ ቤት ስታድሱ ከሴራሚኩ በፊት ለጭስ ማውጫው ገንዘብ መድቡ፤ ከጣሪያው ጫፍ በላይ የሚወጣ ቱቦ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶች።

ወደ ዝናቡ እንምጣ። ጎሬ ከአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚመዘገብባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ መቱም አታንስም። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ብለን ዝቅ አድርገን ብንይዝ እንኳ፣ 12 ካሬ ሜትር የማድ ቤት ጣሪያ ላይ 18,000 ሊትር ውኃ ያርፋል። አሸንዳ ካለው ሮቶ ትሞላላችሁ፣ ቧንቧ ሲጠፋ ዕቃ ይታጠብበታል። አሸንዳ ከሌለው ያው ውኃ ግድግዳው ሥር ይወርዳል፣ ከዚያ በካቢኔታችሁ ጀርባ ይገባል። ቺፑድ ውኃ ሲነካው ሻይ ውስጥ እንደገባ ብስኩት ነው የሚሆነው። ኤምዲኤፍም ጠርዙ በደንብ ካልታሸገ ከዚያ ብዙ አይሻልም። ሲንኩ ሥር ያለውን ክፍል ጨርሶ ከእንጨት አታሠሩት፤ በብሎኬት አስገንብታችሁ አልሙኒየም በር ብታንጠለጥሉበት ዕድሜ አለው። የዋንዛ ጣውላ የሚያቀርብላችሁ ካለ ደግሞ ከየት እንደመጣና ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ፤ ያዩ ላይ ያለው የቡና ደን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የመዘገበው ነው፣ የእናንተ ካቢኔት ከዚያ እንዲወጣ አትፈልጉም።

ባለሙያውስ? እዚህ ላይ ነው ርዕሱን ያወጣሁት። ባለሙያ የሚመረጥበት የተሻለ መንገድ አንድ ክረምት ያለፈበትን ሥራውን ማየት ነው። ባለፈው ወር የጨረሰውን አሳይቶ የማይኮራ ባለሙያ የለም፤ ያኔማ ሁሉም ያበራል። «የዛሬ ዓመት የሠራኸውን አሳየኝ» በሉት። ስትሄዱ ባልየውን ሳይሆን ዕቃ የምታጥበዋን ጠይቁ። ከሲንኩ ሥር ያለውን በር ክፈቱና አሽትቱ፤ ሻጋታ ከሸተተ ሳይፎኑ ወይም ሲሊኮኑ ያፈስሳል። ሴራሚኩን በሳንቲም ጫፍ መታ መታ አድርጉት፤ ባዶ ድምፅ ያለው ሴራሚክ ከሥሩ ሙጫ አልተዳረሰውም፣ ሙቀትና ውኃ ሲፈራረቅበት ይነሳል። በቴክኒክና ሙያ ተምሮ ሲኦሲ (የብቃት ማረጋገጫ) የያዘ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ወረቀቱ ግን የሳንቲሙን ድምፅ አይተካም።

ጊዜውንም አስቡ። ቡና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሲለቀም ገንዘቡ የሚገባው ለሁሉም በአንድ ሰሞን ነው፤ ያኔ ግንበኛውም ቀለም ቀቢውም ተይዟል፣ ጎበዙ ደግሞ ራሱ ቡና ይዞ ይሆናል። መስከረም ላይ ተነጋግራችሁ ቀን ካልያዛችሁ ጥርና የካቲት ያልፋችኋል፣ ከዚያ ዝናቡ ይመለሳል። ሴራሚክና ሲንክ ከአዲስ አበባ የምታስመጡ ከሆነ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና የሚሰበረውን አስባችሁ ትርፍ ካርቶን ጨምሩ፤ ቀለሙ ከሌላ ጭነት ከመጣ አይገጥምም።

ክፍያ ላይ ብዙ ወዳጅነት ይፈርሳል። የእጅ ዋጋ ብቻ ነው ወይስ ዕቃ ጨምሮ? ዕቃውን እሱ የሚገዛ ከሆነ ሱቁ ኮሚሽን እንደሚሰጠው እወቁ፤ ነውር አይደለም፣ ግን እያወቃችሁት ይሁን። ቀብድ ሲሰጥ በወረቀት ይሁን፣ ምስክር ይኑርበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ የሚለው ነገር ብዙ ሰው አይገምተውም፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። አንቀጽ 1885 ነው። ለባለሙያው ፈገግ ብላችሁ አንብቡለት፤ ጨዋው ይስቃል።

የቀረውን ክፍያ ሥራው ሲደርስ በደረጃ ስጡ፤ ቧንቧና ሽቦ ግድግዳ ውስጥ ሲገባ አንድ፣ ሴራሚክ ሲያልቅ አንድ፣ ካቢኔት ሲገጠም አንድ። የመጨረሻውን ያዙና ባለሙያው ባለበት ፈትኑ። ሲንኩን እስከ አፉ ሙሉና በአንድ ጊዜ ልቀቁት፣ እጃችሁን ሥሩ አድርጉ። ወለሉ ላይ አንድ ባልዲ ድፉ፤ ውኃው ወደ ማፍሰሻው ካልሄደ ተዳፋቱ የለም፣ ለአንድ ሜትር አንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅታ ይበቃል። ምጣዱን ሰክታችሁ አራት አምስት እንጀራ አውጡና መሰኪያውን ነክታችሁ እዩት። ሞቅ ካለ ችግር የለም፤ ካቃጠለ ኤሌክትሪሺያኑን ጥሩት፣ እስኪመጣ ድረስ እንጀራውን ለባለሙያው አቅርቡለት።