የሐረር ጎዳና ማኬሌሌ

ነገሩን ከኳስ እንጀምረው። በ2003 ክረምት ላይ ሪያል ማድሪድ ዴቪድ ቤካምን ከማንቸስተር ዩናይትድ አስመጥቶ ክላውድ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሸጠ (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ዚነዲን ዚዳን «ሞተሩን አውጥታችሁ እየሸጣችሁ ቤንትሌዩ ላይ ሌላ የወርቅ ቀለም ብትደርቡበት ምን ዋጋ አለው?» ዓይነት ነገር ተናገረ ተብሎ እስከ ዛሬ ይወሳል። ማድሪድም በ2003 ያነሳውን የላሊጋ ዋንጫ መልሶ ለመጨበጥ እስከ 2007 ድረስ መጠበቅ ግድ ሆኖበታል። ይህን ታሪክ የማያውቅ የኳስ አፍቃሪ የለም። ቤንትሌይ ራሱ ግን ምን ዓይነት መኪና እንደሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን?

የሚገርመው በዚያው በ2003 የቤንትሌይ ኩባንያ ባለ 12 ሲሊንደሩን ኮንቲኔንታል ጂቲ ለገበያ ማቅረቡ ነው። በ2005 ደግሞ ባለ አራት በሩ ፍላይንግ ስፐር ተከተለ። ባለ 6 ሊትር ሞተር፣ ሁለት ቱርቦ፣ ከ550 በላይ የፈረስ ጉልበት! ጥግ ድረስ ከተረገጠ በሰዓት 312 ኪሎ ሜትር ይምዘገዘጋል። በእነዚያ ዓመታት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ልምምድ ሜዳ በር ላይ ለቆመ ሰው ቤንትሌይ ማየት ብርቅ አልነበረም።

12 ሲሊንደር ምን ያደርጋል?

ሲሊንደር ማለት ፒስተኑ የሚመላለስበት፣ ቤንዚኑ የሚቃጠልበት ክፍል ነው። ሞተሩ ሁለት ዙር ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ ጊዜ ይተኩሳል። ባለ 4 ሲሊንደር በሁለት ዙር 4 ጊዜ፣ ባለ 12 ሲሊንደር ደግሞ 12 ጊዜ ይተኩሳል ማለት ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ባለ 4ቱ መታ ያደርግና ቀጣዩን ይጠብቃል፤ እንደ ረጅም ኳስ ጨዋታ ነው። ባለ 12ቱ የአንዱ ግፊት ሳያልቅ ሌላው ስለሚደርስለት የእነ ዣቪንና ኢኒየስታን ቅብብል ይመስላል። ኳሱ ማን እግር ላይ እንዳለ ሳታውቁት ጎል ይገባል። ለዚህ ነው ባለ 12 ሲሊንደር መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው የሞተሩ መነሳት እንኳን በቅጡ የማይሰማው። ሀብታሙ ገንዘቡን የሚያወጣው ለፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን ለዝምታውም ጭምር ነው።

ይህን ሁሉ ያሰላሰልኩት ግን ቤንትሌይ ውስጥ ተቀምጬ አይደለም። ሐረር፣ ፈረስ መጋላ፣ ዕድሜዋ የእኔን እጥፍ በሆነ ፔጆ 404 ውስጥ ተቀምጬ ነው።

ፈረስ መጋላ

ለጨዋታ ዘገባ ሐረር ገብቼ አንድ ቀን ትርፍ ነበረኝ። ጠዋት ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር ስዞር ዋልኩ። ስሙ እንዳያሳስታችሁ፤ ግርግሩ የስፌት መኪና ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው የሚያሰሙት ድምፅ ለመንገዱ ስም ሆኖት ቀርቷል። ከዚያ ወጥቼ ፈረስ መጋላ ስደርስ እነሱን አየሁ። ሰማያዊና ነጭ ፔጆዎች! ፈረስ መጋላ እንደ ስሙ ጥንት የፈረስ ገበያ ነበረ፤ ዛሬ ፈረሶቹ ያሉት ኮፈን ስር ነው፤ ለአንዷ ፔጆ 70 አካባቢ።

ፔጆ 404 በ1960 ነው የወጣችው። ቅርጿን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። ሞተሯ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 1,618 ሲሲ፤ ኮፈኗ ዝቅ እንዲል ሞተሩን ወደ ጎን 45 ዲግሪ አጋድመው ነው ያስቀመጡት። ጉልበቱ የሚሄደው ወደ ኋላ ጎማ ነው። በዓለም ላይ ከ2.8 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። «ታክሲ ናት፣ ምን ታመጣለች?» የሚል ካለ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ያስታውስ። በ1963 ዓ.ም. እንዳትሉት፣ በፈረንጆቹ 1963፣ 84 መኪኖች ተነስተው ውድድሩን የጨረሱት 7 ብቻ ነበሩ። ከ7ቱ አንደኛ የወጣችው ፔጆ 404 ናት። በ1966፣ በ1967 እና በ1968ም ደግማ ደጋግማ አሸንፋለች። ጭቃና አቧራ ውስጥ አራት ዋንጫ!

ከተደረደሩት መሀል አንዷን ጨርቅ ይዘው የሚወለውሉ ሽማግሌ ጠጋ አልኩና «አባባ፣ እርስዎ ታክሲውን ሲይዙ ስንት ዓመት ሆነዎት?» አልኳቸው።

«አቦ ምን እርስዎ ትለኛለህ? ብቻዬን ነኝ፣ ሌላ ሰው አለ እንዴ?» ብለው ሳቁ። ሐረር አንቱታ አይወድም፤ አዲስ አበባ ያደገ ምላስ ግን በቀላሉ አይታዘዝም። እሳቸው «አንተ በለኝ» እያሉ፣ እኔ «እሺ አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» እያልኩ ተግባባን። ኮንትራት እስከ ሐረማያ ተነጋገርን። መንጃ ፈቃዴን ሳሳያቸው ገልብጠው አዩትና ከከተማ ስንወጣ መሪውን እንደሚሰጡኝ ቃል ገቡልኝ።

መሪው እጄ ገባ

በሐረር በር ወጥተን ራስ መኮንን አደባባይን አለፍን። የአወዳይን መንገድ እንደያዝን አባባ ጥግ አስያዙና ወረዱ። «በል ና፤ ቀስ ብለህ ግን። እሷ ጩኸት አትወድም።»

ምን ልበላችሁ? መጀመሪያ ወንበሩ። እንደ ሳሎን ሶፋ ይውጣችኋል። መሪው ቀጭንና ትልቅ ነው፤ ማርሹ ወለሉ ላይ ሳይሆን መሪው ስር ነው ያለው። ሞተሪኖው ሁለቴ አጉረመረመና ሞተሩ ተነሳ። እዚህ ላይ የ4 እና የ12 ልዩነት ቁልጭ ብሎ ይታያል። የውስጥ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፤ ማርሹ ፎሌ ላይ ሆኖ እንኳን እጀታው እጃችሁን ይነዝራል። እያንዳንዱን ተኩስ ትቆጥሩታላችሁ። የቤዚኑ ሽታ ደግሞ አለ። የቤንትሌዩ ባለቤት ይህን ሁሉ ላለመስማት ነው ያን ያህል የሚከፍለው።

አንደኛ ማርሽ ፍለጋ ትንሽ ላብ አስወጣኝ። አባባ ከጎኔ ሆነው እጄን ይዘው እንደ ሕፃን አስገቡልኝ። ከተነሳች በኋላ ግን ሌላ ናት። ቆማ ሳለች ድንጋይ የሆነው መሪ ስትንቀሳቀስ ይለሰልሳል። ጉድጓድ ሲመጣ ጨክኜ ፍሬን ልይዝ ስል «ተዋት፣ እሷ ታውቃለች» አሉኝ። እውነትም ዋጥ አድርጋው አለፈች። ሞላዎቿ ረጅምና ለስላሳ ስለሆኑ ጎማው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ወገባችን ላይ የደረሰ ነገር የለም። ሳፋሪ ራሊን ያሸነፈችው ለካ በዚህ ነው።

ፍሬኑን ግን ቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል፤ አንዴ ለማስጠንቀቂያ፣ አንዴ ለማቆሚያ። የፍጥነት መቁጠሪያዋ ከሞተ ቆይቷል። «በጆሮህ ቁጠር» አሉኝ። አወዳይ ስንቃረብ ጫት የጫነ አይሱዙ ክላክሱን እየነፋ እንደ ጥይት አለፈን። እልህ ያዘኝና ነዳጅ ሰጠሁ። ድምጿ ከፍ አለ እንጂ ፍጥነቷ ብዙም አልጨመረም። አባባ ምንም አላሉኝም፤ ዝም ብለው ጉልበቴን መታ አደረጉኝ። እግሬን መለስኩ።

ሐረማያ ደርሰን ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ዳገቱ መሀል ላይ ሞተሩ ሳል ሳል አለውና ቆመ። እኔ ደነገጥኩ፤ እሳቸው ግን ኮፈኑን ከፍተው አንዲት መፍቻና አንድ ጨርቅ አወጡ። ካርቡራተሩን ፈትተው ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀጭን ቀዳዳ በአፋቸው እፍ አሉባት። ቆሻሻ ነበር። መልሰው አሰሩ፤ ሞተሪኖውን መታሁ፤ ተነሳች። 10 ደቂቃ እንኳን አልፈጀም።

እዚያች ዳገት ላይ ነው የዚዳን ነገር ትዝ ያለኝ። ባለ 12 ሲሊንደሩ እዚህ ቢቆም ኖሮ ምን እናደርግ ነበር? ኮፈኑን ብንከፍት የሚታየን የፕላስቲክ ክዳን ነው። ኮምፒዩተር ሳይሰካለት ምን እንዳመመው አይናገርም። ጉልበቱ 8 እጥፍ ነው፤ ሐረማያ መንገድ ላይ ግን የሚያውቀው እጅ የለም። ፔጆዋ ግን የሚያውቋት እጆች አሏት። መለዋወጫ ሲጠፋ ቶርኖ ቤት ተቀርጾላታል፤ ከወደቀች እህቷም ተነቅሎ ተሰጥቷታል።

ሞተሩን ፈላጊው

ስንመለስ አባባ ዝም ብለው ቆዩና አንድ ነገር ነገሩኝ። ሌላ የፔጆ ባለቤት ሞተሯን ሊገዛቸው ጠይቋል፤ ሞተሯን ብቻ። ቅዳሜ መልስ ይፈልጋል።

«የሱ አካል ደህና ነው፣ ሞተሩ ሞቷል። የኔዋ ሞተር ወላሂ ደህና ናት፣ አካሏ ነው የዛገው። ልጄ ባጃጅ ይነዳል። "ሽጣትና ለሁለተኛ ባጃጅ እንጨምርበት" ይለኛል። እውነቱን ነው። ባጃጅ ትንሽ ቤንዚን ነው የሚበላው፤ በጠባቡም ይገባል። እኔ ቆሜ ሰው ስጠብቅ እሱ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። ይሠራልኝ የነበረው መካኒክም አረጀ፣ ዓይኑ ደከመ። ልጆቹ ፔጆ መሥራት አልተማሩም።»

እኔም ከቤካምና ከማኬሌሌ ጀምሬ የቤንትሌዩን ታሪክ አጫወትኳቸው። በጥሞና ሰሙኝና ያልጠበቅሁትን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ሞተሩን የገዛው ሰውዬ ግን በላበት?»

«አዎ አባባ። ቼልሲ በ2005 እና በ2006 ተከታትሎ የፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሆነ።»

«እንግዲያው ሞተሩ አልሞተም» አሉና ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ዓለም ላይም ነገሩ ወደዚያው እየሄደ ነው። ቤንትሌይ ራሱ ያንን ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ከ100 ሺህ በላይ ካመረተ በኋላ በሐምሌ 2024 ማምረቱን አቁሟል። እኛም አገር በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ የሚፈቀደው የኤሌክትሪኩ ነው። ስለዚህ አዲስ ባለ 12 ሲሊንደር ሐረር በር ላይ እናያለን ብላችሁ አትጠብቁ። ያሉት ፔጆዎች ግን እስኪያልቁ ድረስ አሉ፤ የሚያልቁት ደግሞ ብረታቸው ሲያልቅ ሳይሆን የሚያውቋቸው እጆች ሲያልቁ ይመስለኛል።

ለማመን የሚከብዳችሁ ካላችሁ የፔጆን ክለብ ተመልከቱ። 404ን ያመረተችው የፈረንሳይዋ ሶሾ ከተማ በ1928 ፔጆ ያቋቋመው የእግር ኳስ ክለብ አላት። ሁለት ጊዜ የፈረንሳይ ሊግ ሻምፒዮን ሆኗል፤ በ2007 ማርሴይን በፍጹም ቅጣት ምት ረትቶ የፈረንሳይን ዋንጫ አንስቷል። ፔጆ ክለቡን በ2015 ሸጠው። በ2023 በገንዘብ እጦት ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ፤ ሊፈርስም ተቃርቦ ነበር። ያኔ ደጋፊዎቹ ከየኪሳቸው አዋጥተው ከሌሎች ጋር ሆነው አተረፉት። ፋብሪካው የተወውን ክለብ የሚወዱት ሰዎች አነሱት።

ፈረስ መጋላ ስንደርስ ሒሳቤን ከፈልኩ። አባባ ሒሳቡን ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱት። «ቅዳሜ ምን ሊመልሱለት ነው?» አልኳቸው።

«ምን ልትመልስለት ነው በለኝ እንጂ» አሉኝ። ከዚያ ትንሽ አሰቡ። «አካሌን ሽጥልኝ ልለው ነው። ሞተሩ እኔ ጋ ነው ያለው፤ የሱን አካል አምጥቶ ይግጠምባት። እምቢ ካለ ግን... እንግዲህ ልጄም እውነቱን ነው።»

ዘንቢል የያዙ ሁለት እናቶች በሩን ከፍተው የኋላውን ወንበር ያዙ። አባባ ጨርቃቸውን አጥፈው ዳሽቦርዱ ላይ አኖሩ። ሞተሪኖው ሁለቴ አጉረመረመና ፔጆዋ ተነሳች።