10 ጎል ያገባው አሰልጣኝ፣ አንድም ጎል ያላገባው ቡድን

ቢቸናም ግቡ ሞጣ፣ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ይሄ ክርክር አይጠፋም፦ «ጎበዝ ተጫዋች የነበረ ሰው ጎበዝ አሰልጣኝ ይሆናል ወይ?» አንዱ ዚዳንን ይጠራል፣ ሌላው «ሩኒስ?» ብሎ ያፋጥጠዋል። የኛን ሰው ግን የሚያነሳ የለም። ስለዚህ ዛሬ እኛ እናንሳው፤ መንግሥቱ ወርቁን።

መንግሥቱ የቅዱስ ጊዮርጊስና የብሔራዊ ቡድናችን አጥቂ ነበር። በአፍሪካ ዋንጫ ብቻ 10 ጎል አለው። ድሮግባ ስንት አለው? 11። አዎ፣ የቼልሲው ድሮግባ! የሚበልጠው በአንድ ጎል ነው።

ስሙ የተተከለው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ነው። የፍጻሜ ጨዋታ፣ ከግብጽ ጋር። ግብጽ ሁለት ጊዜ መራች፣ ሁለት ጊዜም ደረስንባት። ሁለተኛዋን አቻ ያደረገው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበር፤ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ 3 ለ 2 አደረጋት። ጨዋታው ሊያበቃ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ደግሞ መንግሥቱ አራተኛዋን አስገብቶ ነገሩን ዘጋው። ያኔ የተወዳደሩት አራት አገሮች ብቻ ናቸው ብላችሁ ልታጣጥሉት ትችላላችሁ። ይሁን፤ እስከ ዛሬ ያለችን የአፍሪካ ዋንጫ ግን እሷው ናት።

ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1974 ዓ.ም.፣ ያው ሰው ብሔራዊ ቡድኑን በአሰልጣኝነት ይዞ ሊቢያ ገባ። ውጤቱን በወረቀት ካያችሁት ያሳፍራል፦ በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸነፍን፣ ከአልጄሪያ 0 ለ 0 ወጣን። ሦስት ጨዋታ፣ አንድ ነጥብ፣ ዜሮ ጎል። ሰው «ተጫዋችነቱ ሌላ፣ አሰልጣኝነቱ ሌላ» የሚለው እንዲህ ያለውን አይቶ ነው።

ግን ምድቡን እስኪ እዩት። ናይጄሪያ የዋንጫው ባለቤት ሆና ነው የመጣችው። አልጄሪያና ዛምቢያ ሁለቱም ግማሽ ፍጻሜ ገቡ። በኛ ላይ ጎል ማግባት ያቃታት አልጄሪያ ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ ስፔን ላይ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸነፈች። እንግዲህ ያቺ አንድ ነጥብ ከማን እንደመጣች አሰቡት። እኛ በበኩላችን ያንን ቡድን ደካማ ለማለት አፋችን አይደፍርም። የጎደለው ጎል አግቢ ነው፤ እሱን ደግሞ መንግሥቱ ራሱ ከወንበር ተነስቶ ገብቶ ሊሞላው አይችልም። ተጫዋች ኳስ ቢስት ደግሞ ይሞክራል፤ አሰልጣኝ ያለው የሌላ ሰው እግር ነው።

ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ለ31 ዓመት አፍሪካ ዋንጫን በቴሌቪዥን አየች። የተመለስነው በ2005 ዓ.ም.፣ በሰውነት ቢሻው አሰልጣኝነት፣ ደቡብ አፍሪካ ላይ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ከማን ጋር? ከዛምቢያ፤ እሷም የዋንጫው ባለቤት ሆና። አዳነ ግርማ አቻ አደረገንና 1 ለ 1 ወጣን። በአፍሪካ ዋንጫ ከ1968 ዓ.ም. ወዲህ ያገባናት የመጀመሪያዋ ጎል ነበረች። ቀኑም ጥር 13 ነበር፣ ያው የፍጻሜው ቀን።

መንግሥቱ አላያትም። በ2003 ዓ.ም. አርፏል።