የዩኒቨርሲቲ ደንና የአካባቢ መንግሥት ሥልጣን፦ የካሊፎርኒያና የሰሜን ካሮላይና ንጽጽር

መግቢያ

አንድ ዩኒቨርሲቲ በይዞታው ሥር ያለውን ደን መንጥሮ ሕንፃ ሊያቆም ሲነሣ የከተማው ምክር ቤት ሊከለክለው ይችላልን? ጥያቄው የሕግ ባለሙያዎች ብቻ አይደለም። ለዐሥርት ዓመታት ክትትል ሲደረግበት የኖረ የምርምር ደን አንድ ጊዜ ከተመነጠረ የተቋረጠውን የመረጃ ተከታታይነት መልሶ ማግኘት አይቻልም። በአሜሪካ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ ልዩነቱም በዋነኛነት የሚመነጨው ከደኑ ሥነ ምኅዳራዊ ዋጋ ሳይሆን ከባለይዞታው ሕጋዊ ማንነት ነው። እንደ ዱክ ያለ የግል ዩኒቨርሲቲ በመርሕ ደረጃ እንደማንኛውም ባለመሬት ለአካባቢው የመሬት አጠቃቀም ምደባ (ዞኒንግ) ተገዥ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ጉዳይ ግን ከዚህ ይወሳሰባል።

ካሊፎርኒያ፦ ከምደባ ነፃ የሆነ ባለይዞታ

የካሊፎርኒያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ክፍል 9 ለካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሰፊ ራስን የማስተዳደር ሥልጣን ይሰጣል። በመሆኑም ዩኒቨርሲቲው ለትምህርት ዓላማ በሚጠቀምበት መሬት ላይ የከተሞች ምደባ አያስገድደውም። በእ.ኤ.አ. 1965 የተከፈተው የሳንታ ክሩዝ ካምፓስ ወደ 800 ሄክታር ስፋት ያለው ሲሆን አብዛኛው የሬድውድ ደንና የሣር ምድር ነው። በ2000ዎቹ አጋማሽ የወጣው የረጅም ጊዜ የልማት ዕቅድ ግንባታን ወደ ሰሜናዊው ደን ሲያስፋፋ ከተማው በምደባ ሊያግደው አልቻለም።

ሆኖም ግንባታ ውኃ ይፈልጋል። ከሰሜናዊው ካምፓስ ወደ 97 ሄክታር የሚሆነው ከከተማው የአገልግሎት ክልል ውጭ ስለነበር የውኃና የፍሳሽ መስመር ለመዘርጋት የካውንቲው የአስተዳደር ወሰን ኮሚሽን ፈቃድ አስፈለገ። በ2008 በተደረሰው ስምምነት ዩኒቨርሲቲው የተማሪዎቹን ቁጥር በ19,500 ለመገደብ ተስማማ። በ2013 ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የከተማውን የአካባቢ ተጽዕኖ ሰነድ ጉድለት አለበት አለ፤ ምክንያቱም ሰነዱ የውኃ አቅርቦቱን መጠን የሚቀንስ አማራጭ አልመረመረም። ስለዚህ በደኑ ላይ የሚደረገውን ግንባታ ያዘገየው የመሬት ምደባ ሳይሆን የውኃ አቅርቦት ነበር።

ሰሜን ካሮላይና፦ ሕንፃ እንጂ ዛፍ ያልተጠቀሰበት ሕግ

የሰሜን ካሮላይና ሕግ የተለየ መንገድ ይከተላል። የአካባቢ ምደባ የግዛቱ መንግሥት በሚያቆማቸውና በሚጠቀምባቸው ሕንፃዎች ላይ ተፈጻሚ እንዲሆን ይደነግጋል። የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው፤ ምክር ቤቱ የመደራደር አቅም የሚያገኘው ዩኒቨርሲቲው መገንባት በፈለገ ጊዜ ነው።

የቻፕል ሂል ከተማ ይህን አቅም ተጠቅሞበታል። ሆራስ ዊልያምስ የተባሉ የፍልስፍና መምህር ለሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ባወረሱት መሬት ላይ የተመሠረተው ይዞታ ወደ 380 ሄክታር ይደርሳል፤ አብዛኛውም ደን ነው። በሰኔ 2009 እ.ኤ.አ. ምክር ቤቱና የዩኒቨርሲቲው የአስተዳደር ቦርድ የ20 ዓመት የልማት ስምምነት አጸደቁ። በስምምነቱ መሠረት ግንባታው ወደ 54 ሄክታር በሚሆን ቦታ ላይ ይወሰናል፤ ወደ 126 ሄክታር የሚሆነው ደግሞ በቋሚነት ይጠበቃል። ዩኒቨርሲቲው ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል የግንባታ ዋስትና ሲያገኝ ከተማው በምደባ ብቻ ሊያገኘው የማይችለውን ጥበቃ አገኘ።

ውይይት

ከሁለቱ ጉዳዮች የሚወጣው ፍሬ ነገር ምደባ ብቻውን የደን ጥበቃ መሣሪያ አለመሆኑ ነው። ምክር ቤት ያጸደቀውን ምደባ ሌላ ምክር ቤት ሊሽረው ይችላል። ስምምነትም ቢሆን የጊዜ ገደብ አለው፤ የቻፕል ሂሉ በ2029 ያበቃል። ሃያ ዓመት ለከተማ ፕላን ረጅም ዘመን ነው፤ ለደን ግን የአንድ ዛፍ ጉርምስና እንኳ ላይሞላ ይችላል። በቋሚነት በተጠበቀው ክፍልና በቀሪው ደን መካከል በዓይን የሚታይ ወሰን ባይኖርም በሕግ ፊት ዕጣቸው የተለያየ ነው።

መደምደሚያ

የረጅም ጊዜ የምርምር መደብ የሚመርጥ ተመራማሪ የአፈርና የዝርያ ካርታን ብቻ ሳይሆን የመሬቱን ሕጋዊ ሁኔታም ማንበብ ይኖርበታል። ባለይዞታው ማን ነው? ምደባው ያስገድደዋልን? ጥበቃው በውል ከሆነ ውሉ መቼ ያበቃል? የውኃው መስመርስ በማን እጅ ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ከመጀመሪያው ልኬት በፊት ካልተመለሱ የሃያ ዓመት መረጃ በአንድ ስብሰባ ውሳኔ ሊቋረጥ ይችላል።